ከማሽላው ጀምሪ

ጋሼ ዕድሜያቸውን በማሽላ ምርምር ያሳለፉ፣ አሁን መርሳ ከተማ የሚኖሩ ጡረተኛ ናቸው። ጠያቂያቸው ከወልድያ ዩኒቨርሲቲ በዕፅዋት ሳይንስ የተመረቀች፣ በሐብሩ ወረዳ በሰብል ባለሙያነት የምትሠራ ወጣት ናት። ለውጭ አገር ማስተርስ ልትልከው ያዘጋጀችውን ደብዳቤ ይዛ መጥታለች።

ጠያቂዋ፦ አንድ ገጽ ናት ጋሼ፤ ቢያዩልኝ ብዬ ነው። ነገ ማታ ልልካት ነው።

ጋሼ፦ ለማን?

ጠያቂዋ፦ ለስድስት ዩኒቨርሲቲ። ጀርመን፣ ቤልጅየም፣ አሜሪካም አለበት።

ጋሼ፦ ይችኑ አንዷን ለስድስቱም?

ጠያቂዋ፦ የዩኒቨርሲቲውን ስም ብቻ ነው የምቀይረው።

ጋሼ፦ እስቲ አምጪው። «ከልጅነቴ ጀምሮ ለግብርና ልዩ ፍቅር ነበረኝ። ዩኒቨርሲቲያችሁ በዓለም አቀፍ ደረጃ ዝናው የገነነ በመሆኑ…» ልጄ፣ ይህን አንቺ ነሽ የጻፍሽው?

ጠያቂዋ፦ ግማሹ የጓደኛዬ ነው፤ አምና የላከችበት ነው። የቀረውን ስልኬ ላይ በኤአይ አሳመርኩት።

ጋሼ፦ ለዚህ ነዋ አንቺን ፈልጌ ያጣሁሽ። ከላይ እስከ ታች ሐብሩ የሚል የለበትም፣ ማሽላ የሚል የለበትም። ይህን ደብዳቤ ሞጣ ያለውም ናይሮቢ ያለውም ልጅ ስሙን ጽፎ ሊልከው ይችላል። ለመሆኑ በዚህ ክረምት ምን ስትሠሪ ከረምሽ?

ጠያቂዋ፦ ያው እንደ ሁልጊዜው፤ ማዳበሪያ ማሠራጨት፣ ሪፖርት፣ ስብሰባ። ወደ መስከረም ግን እዚሁ ወረዳችን ግራና በኩል ማሳ ለማሳ ስዞር ነበር። አቀንጭራ የሚባለው የማሽላ አረም ዘንድሮ ብሷል።

ጋሼ፦ ዞረሽ ምን አየሽ?

ጠያቂዋ፦ አንድ ገበሬ አሉ፤ ደጋሊት የሚባለውን ማሽላ ነው የዘሩት። ማሳቸውን የአቀንጭራው ሐምራዊ አበባ ሞልቶታል፣ ማሽላው ቀጭጮ ቀርቷል። ወደ ቤታቸው ያለው ጫፍ ግን ፍግ ስለሚደፉበት ነው መሰለኝ አበባው ሳሳ ብሏል። ገረመኝና በገመድ ሜትር በሜትር እየከለልኩ በሁለቱም ጎን የበቀለውን ቆጠርኩ። ሰንብቼም ተመልሼ ቆጠርኩ። ደብተሬ ላይ አለ።

ጋሼ፦ ቁጠሪ ብሎ ያዘዘሽ ሰው ነበር?

ጠያቂዋ፦ ማንም አላዘዘኝም።

ጋሼ፦ በይ ደብዳቤሽ እሱ ነው። ከዚያ ማሳ ጀምሪ።

ጠያቂዋ፦ እሱ እኮ ምርምር አይደለም ጋሼ። በገመድ የተለካ ነገር ለፈረንጅ ፕሮፌሰር እንዴት ይጻፋል?

ጋሼ፦ እንዳየሽው ይጻፋል። በገመድ ለካሁ በይ፤ አንድ ማሳ ብቻ እንደሆነ፣ ፍጉ ይሁን ሌላ ነገር መለየት እንዳልቻልሽም ጻፊ። ያንን ለመለየት የሚያስችል ትምህርት ፍለጋ ነው የምትሄጂው፤ ከዚህ የበለጠ ምክንያት ምን አለ? ማመልከቻሽን የሚያነበው ሰው ራሱ ተመራማሪ ነው። ላቦራቶሪው ውስጥ አብራው ሁለት ዓመት የምትሠራ ሰው ነው የሚፈልገው። ፍቅር አለኝ የሚል በየዓመቱ ክምር ሙሉ ይመጣለታል። ሳይታዘዝ ማሳ ወርዶ የቆጠረ ሰው ሲያገኝ ግን ቆም ይላል። ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታን ታውቂያቸዋለሽ?

ጠያቂዋ፦ የዓለም የምግብ ሽልማት ያገኙት፤ ክፍል ውስጥ ተምረናል።

ጋሼ፦ ሽልማቱን ሁሉም ያወራል፤ አሜሪካ እንዴት እንደገቡ ግን ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ወለንኮሚ በሣር ጎጆ የተወለዱ ሰው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1973 ዓለማያ ኮሌጅን ሲጨርሱ መምህራቸው ጆን አክስቴል ከሚባል የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የማሽላ ተመራማሪ ጋር አገናኟቸው፤ ሰውየው የአገራችንን የማሽላ ዘር ለመሰብሰብ መጥቶ ነበር። ገቢሳ አብረውት እየዞሩ ሰበሰቡ። ሥራቸውን አየና ተማሪዬ ሁን ብሎ ጋበዛቸው። በ1978 ዶክትሬታቸውን ያዙ። ከፎርሙ በፊት ማሳው ቀድሟል፤ አየሽ?

ጠያቂዋ፦ የሳቸው ዘመን ሌላ ነው። እኔ ጋ ማን ይመጣል?

ጋሼ፦ ልክ ነሽ፣ መርሳ ድረስ የሚመጣልሽ የለም። ስለዚህ በኢሜይል አንቺ ትሄጂበታለሽ። ግን ሌላም ነገር ልንገርሽ፣ ይህ ወሎን ይነካል። በዚያው በ1973 አክስቴል ከአንድ ባልደረባው ጋር አንድ ጥናት አወጣ። ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰበ ከ9,000 በላይ የማሽላ ዓይነት ፈትሸው፣ ላይሲን የሚባለው የፕሮቲን ክፍል እጅግ ከፍ ያለባቸው ሆነው ያገኙት ሁለት ብቻ ነበሩ። ሁለቱም ከወሎ የሄዱ ናቸው። ፍሬያቸው ጨምደድ ያለ ነው፤ ገበሬው በሌላው ማሽላ መሐል ጣል ያደርገውና በእሸቱ ጠብሶ ይበላዋል። ወተት በጉንጬ የሚባለው ከዚህ ወገን ነው።

ጠያቂዋ፦ ወተት በጉንጬን አያቴም ታነሣዋለች። በ1973 ግን… ያ የረሃቡ ዘመን አይደለም?

ጋሼ፦ ነው። በእኛ 1965 እና 66 ዓ.ም. መሆኑ ነው። እኔ ልጅ ነበርኩ፤ ሰው በዚህ መንገድ ዳር ሲወድቅ አይቻለሁ። የወሎ ማሽላ አሜሪካ ላቦራቶሪ ውስጥ ጉድ ሲባልለት ዘሩን ጠብቀው ያቆዩት ሰዎች እዚህ ያልቁ ነበር። ሁለቱን ነገር አንድ ላይ ሳስበው እስከ ዛሬ ያመኛል። ያንን ፍሬ ዘመን ከዘመን መርጠው ያቆዩትን ገበሬዎች በስም የሚያውቃቸው የለም። አንቺ እንድትሄጂ የምፈልገው ለዚህ ነው። ዘሩ ከሄደ ቆይቷል፤ ዘሩን የሚያውቀው ሰውም ይሂድ።

ጠያቂዋ፦ ኢሜይሉን እንዴት ልጀምረው?

ጋሼ፦ አጭር አድርጊው። መጀመሪያ የሰውየውን ወይም የሴትዮዋን ሥራ አንብቢ፤ ቢያንስ አንዱን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው። ከዚያ ማን እንደሆንሽ በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ግራና ያየሽውን በሦስት፣ ከነሱ ሥራ ጋር የት ላይ እንደሚገናኝ በሁለት። መጨረሻ ላይ ለመጪው ዓመት ተማሪ ይቀበሉ እንደሆነ ጠይቂ። ሲቪሽን አያይዢ። መልስ ካልመጣ ሁለት ሳምንት ቆይተሽ በትሕትና አስታውሺ፤ ከዚያ በኋላ ተያቸው። አሜሪካ ላይ ፕሮፌሰሩ ወሳኝ ነው፤ ከምርምር ገንዘቡ ደመወዝሽንና ክፍያሽን የሚችለው እሱ ነው። ግን እ.ኤ.አ. በ2025 የአሜሪካ የልማት ተራድኦ ድርጅት ሲዘጋ በሱ ገንዘብ ይሠሩ የነበሩ የግብርና ላቦራቶሪዎችም ገንዘባቸው ተቋርጧል። ስለዚህ ተስፋሽን አሜሪካ ላይ ብቻ አትጣይ።

ጠያቂዋ፦ ጀርመንስ?

ጋሼ፦ ዳድ የሚባለው የጀርመኖች ድርጅት ከልማት ጋር ለተያያዙ ትምህርቶች የሚሰጠው ስኮላርሺፕ አለ፤ ኤፖስ ይሉታል። ቢያንስ ሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፣ ከተመረቅሽም ከስድስት ዓመት በላይ እንዲያልፍ አይፈልግም። ሥራ ከጀመርሽ ሁለት ዓመት ሞላሽ?

ጠያቂዋ፦ በመስከረም ሞላኝ።

ጋሼ፦ እንግዲያ ለአንቺ የተሠራ ነው። የወረዳ ሥራሽን ያው እንደ ሁልጊዜው ብለሽ ነበር፤ እዚህ ላይ በሩን የሚከፍተው እሱ ነው። ያለ ስኮላርሺፕ ጀርመን እሄዳለሁ ብትዪ ግን ለቪዛ ለአንድ ዓመት መኖሪያ 11,904 ዩሮ በዝግ ሒሳብ አስቀምጪ ይሉሻል። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቻቸው አብዛኞቹ የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም ሲባል ሰምቶ ይህን ሳያይ የሚነሣ ብዙ ነው።

ጠያቂዋ፦ የማመልከቻ ክፍያውም ከብዶኛል። ብሩ ከወረደ ወዲህ ዶላር ተብሎ የሚጠየቅ ነገር ሁሉ ያስፈራኛል።

ጋሼ፦ እውነትሽን ነው። ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሬው ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ፤ የወረዳ ደመወዝ ደግሞ አብሮ አልሮጠም። ስለዚህ መጀመሪያ ክፍያ የማይጠይቁትን ምረጪ። የሚጠይቁትን ደግሞ የመግቢያ ቢሮአቸውን ክፍያው ይነሣልኝ ብለሽ ጠይቂ፤ አሜሪካኖቹ ብዙዎቹ ለዚህ የተዘጋጀ አሠራር አላቸው። መጠየቅ አያሳፍርም። አሜሪካ ከተሳካልሽ ለቪዛው 185 ዶላር፣ ሴቪስ ለሚሉት የተማሪ ምዝገባ ደግሞ 350 ዶላር እንዳለ ከአሁኑ እወቂው።

ጠያቂዋ፦ ደሴ ላይ ሁሉንም እኔ እጨርስልሻለሁ ያለኝ ሰው አለ።

ጋሼ፦ ደላላ ነው። አምስት ሳንቲም እንዳትሰጪው፣ ፓስፖርትሽንም እንዳያይ። ወደሚቀጥለው እንለፍ። ትራንስክሪፕትሽ ወጥቷል?

ጠያቂዋ፦ እሱ ነው ያስጨነቀኝ። ዋናውን ለማውጣት የወጪ መጋራቱን ጉዳይ መጨረስ አለብኝ። ደግሞ ትምህርቴ ሁለቴ ተቋርጧል። 2012 ላይ በኮሮና፣ ቀጥሎ ነሐሴ 2013 ጦርነቱ ወልድያ ሲገባ። ስንት ዓመት እንደፈጀብኝ ሲያዩ ሰነፍ ናት ይሉኛል ብዬ ፈራሁ።

ጋሼ፦ ካልነገርሻቸው ይላሉ። ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል፦ ከተማዋ እስከ ታኅሣሥ 2014 በጦርነት ተይዛ ነበር፣ ዩኒቨርሲቲው ተዘርፎ ነበር፣ ሲከፈት ተመልሼ ጨረስኩ። ቀኑን በእነሱ አቆጣጠር ጻፊ። ልመና አታድርጊው፣ እንዲያዝኑልሽም አትጻፊው። በ2015 የመውጫ ፈተና ለሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሲጀመር የመጀመሪያዎቹ ተፈታኞች እናንተ ናችሁ፤ ማለፍሽንም ጨምሪበት። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ፤ ነጥብሽን ራስሽ ወደ ጀርመን የነጥብ አሰጣጥ አትቀይሪው። እነሱ ጋ 1 የሚባለው ከፍተኛው ነው፣ 4 ማለፊያ ነው። ከ4 ስንት እንዳገኘሽ እንዳለ ጻፊና ስሌቱን ለነሱ ተዪው። ስምሽስ?

ጠያቂዋ፦ ስሜ ምን ሆነ?

ጋሼ፦ ዲግሪሽ ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈበት ፊደልና ፓስፖርትሽ ላይ ያለው አንድ ነው ወይ? የአባትሽ ስም አንዱ ጋ በአንድ ፊደል፣ ሌላው ጋ በድርብ ከሆነ ሁለት ሰው ያደርጉሻል። በየፎርሙ ፓስፖርቱን ተከተይ። ልዩነት ካለ ዛሬውኑ ሬጂስትራር ሄደሽ አስተካክዪ፤ ቪዛ ስትጠይቂ የሚገኝ ስሕተት ያቃጥላል።

ጠያቂዋ፦ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፉልኝ ሁለት መምህራን አሉኝ። አንደኛው ራስሽ ጽፈሽ አምጪና እፈርምልሻለሁ አሉኝ።

ጋሼ፦ የተለመደ ነው፤ ግን አትቀበዪ። አንቺ ስለ ራስሽ የጻፍሽው በአንቺው ቋንቋ ስለሆነ አንባቢው ያውቅበታል፤ ታማኝነትሽንም ያጠፋዋል። ይልቅ ለመምህርሽ አንድ ገጽ ማስታወሻ ስጫቸው፤ በየትኛው ኮርስ እንዳስተማሩሽ፣ የመመረቂያ ጽሑፍሽ ምን እንደነበር፣ የግራናው ቆጠራ ምን እንዳሳየ። ያን ይዘው በራሳቸው አፍ ይጻፉት። ከዩኒቨርሲቲው ኢሜይል እንዲልኩት ለምኛቸው፤ ብዙ ቦታ የግል ኢሜይል አይቀበሉም። ቀኑ ከመድረሱ ወር ቀደም ብለሽ ጠይቂ፣ ሳምንት ሲቀረው ደውዪ።

ጠያቂዋ፦ ነገ ማታ ልልከው ነበር እኮ።

ጋሼ፦ የሚዘጋው መቼ ነው?

ጠያቂዋ፦ የመጀመሪያው ከአምስት ሳምንት በኋላ።

ጋሼ፦ ታዲያ ምን ያስቸኩልሻል? ለመላክ ግን የመጨረሻዋን ሌሊት አትጠብቂ። የጀርመን እኩለ ሌሊት በብርዳቸው ወራት ለእኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው፤ ጊዜ ያለሽ ይመስልሻል። እዚህ ግን መብራትም ኔትወርክም እምነት የለውም። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ በኋላ ክልሉ ውስጥ የስልክ ኢንተርኔት ተዘግቶ ስንት ወር እንደተቀመጥን ረሳሽው? ሁሉንም ያለ ኢንተርኔት ጽፈሽ ጨርሺ፣ ፍላሽ ላይ ያዢ፣ ሳምንት ሲቀረው ወልድያ ወይ ደሴ ወጥተሽ ላኪ።

ጠያቂዋ፦ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ሄዶ የሚቀረው ብዙ ነው። እኔም ብቀርስ?

ጋሼ፦ ብትመለሺ ደስ ይለኛል፤ ይህን አልደብቅሽም። የቼቭኒንግ ስኮላርሺፕ ለምሳሌ ሁለት ዓመት አገርሽ ተመልሰሽ እንድትቆዪ ያስፈርማል። እኔ ግን አላስፈርምሽም። ገቢሳ ኑሯቸው ፐርዱ ሆነ፤ ግን እዚያ ካወጧቸው ዝርያዎች ሁለቱ፣ ጎብዬና አብሽር፣ አቀንጭራን ተቋቁመው እዚህ አገር ተዘሩ። ጎብዬ የቆቦዋ ጎብዬ ናት፤ ከዚህ ሩቅ አይደለችም። የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከልም ከዚያ ወዲህ ብርሃንንና ግራና አንድን አውጥቷል። እዚያ ሆነሽ እዚህ ላለው ማሳ መሥራት ይቻላል። እዚህ ተቀምጦ ማሳውን የረሳም አለ። ያስቸገረኝ ሁለተኛው ነው።

ጠያቂዋ፦ እሺ ጋሼ። ደብዳቤውን እንደገና ልጻፈው። «መስከረም ላይ ግራና ውስጥ በአንድ ገበሬ ማሳ…» ብዬ ልጀምር?

ጋሼ፦ ጀምሪ። አንድ ገበሬ ግን አትበዪ።

ጠያቂዋ፦ በስማቸው ልጻፋቸው?

ጋሼ፦ ፈቃዳቸውን ጠይቂ መጀመሪያ። ለማን እንደምትጽፊ፣ ስለምን እንደሆነ በደንብ አስረጃቸው። ፍጉን ከስንት ዓመት ጀምሮ እንደሚደፉበትና ለምን እዚያ ጫፍ ላይ ብቻ እንደሆነም ጠይቂያቸው፤ ይህን አልነገርሽኝም።

ጠያቂዋ፦ አልጠየቅኳቸውም። ቅዳሜ ገበያ ይወጣሉ፤ እዚያው አገኛቸዋለሁ።

ጋሼ፦ ገበያ ላይ ሰው ይቸኩላል። ማሳው ድረስ ሂጂ።