የቃል ኑዛዜና የጽሑፍ ኑዛዜ

አበው በደዌ ጊዜ የነፍስ አባታቸውን አስጠርተው ንብረታቸውን በቃል ይናዘዙ እንደ ነበር እናውቃለን። ልማዱ በስደትም አልቀረም። ይሁን እንጂ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ የቃል ኑዛዜን የሚቀበለው በ2 ምስክሮች ፊት ሲነገር ነው፤ ያውም ለቀብር ሥርዓት፣ ለአካለ መጠን ላልደረሱ ልጆች ሞግዚትነትና እያንዳንዱ ከ500 ብር ለማይበልጥ ስጦታ ብቻ። ተናዛዡ ከ3 ወር በኋላ በሕይወት ካለም ይፈርሳል። እንግዲህ አዲስ አበባ የቀረው ቤት በዚህ መንገድ አይተላለፍም።

ልጆች ወላጅን ስለ ኑዛዜ መጠየቅ ሟርት ይመስላቸዋል፤ እኛ ግን አእምሮ ሳይደክም ቢጠየቅ ይሻላል እንላለን። ጽሕፈት የሚችል ሰው ሙሉውን በገዛ እጁ ጽፎ፣ ኑዛዜ መሆኑን ገልጾ፣ ቀን ጨምሮ ቢፈርም ምስክር አያሻውም። እጁ የሚንቀጠቀጥ አረጋዊ ግን ያጽፋል፤ ጽሑፉም በእርሱና በ4 ምስክሮች ፊት ተነቦ ሁሉም ይፈርሙበታል።