ኑጉ ለምን ገለባ ሆነ?

ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ወዲህ ክረምቱን የማሳልፈው ጎጃም ውስጥ በወላጆቼ እርሻ ነው። መሬቱ ከ4 ጥማድ አይበልጥም። ጤፍና ባቄላ ይዘራበታል፤ በማሳው ዳር ዳር ደግሞ ኑግ። ኑግን ከብት ስለማይደፍረው እንደ አጥር ያገለግላል።

ዐምና ኑጉ አብቦ ማሳው በቢጫ ተከብቦ ነበር። በታኅሣሥ ሲወቃ ግን ግማሹ ገለባ ሆነ። አባቴ «ክረምቱ ቶሎ ስለወጣ ነው» አሉ። እኔ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። መስከረም ላይ ጎረቤታችን ባቄላውን ክሽክሽ ቢፈጅበት ረፋድ ላይ መድኃኒት ረጨ፤ በማግሥቱ ከቀፎአችን ሥር የሞቱ ንቦች ተበትነው አየን። ከሦስቱ ቀፎ አንዱ ብቻ ተረፈ። በጎረቤታችን አልፈርድም፤ ባቄላው የልጆቹ ጉርሻ ነው።

የኑግ አበባ ከሩቅ ሲያዩት አንድ አበባ ይመስላል። ጠጋ ብሎ ላየው ግን ጉባኤ ነው። ዙሪያውን 8 ያህል ቢጫ ቅጠል መሳዮች፣ መካከሉ ላይ እጅግ ብዙ ጥቃቅን አበቦች ተሰብስበዋል፤ ከእያንዳንዷም አንድ ፍሬ ይጠበቃል። ኑግ ግን በአብዛኛው የራሱን ተክል ብናኝ አይቀበልም፤ ከሌላ ግንድ የመጣ ይሻል። ዋነኛው አመላላሽ ንብ ነው።

ዘንድሮ ክሽክሽ ስላልበረታ አልተረጨም። ነገሩን ለማጣራት 20 እምቡጦች መርጬ ዐሥሩን በስስ ሻሽ ሸፈንሁ፣ ዐሥሩን ተውሁ። ጠዋት ጠዋት ማሳው ዳር ተቀምጬ ንቦቹን ስመለከት እናቴ «ትምህርት ማለት ይሄ ነው?» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ጥቅምት ላይ ወደ ትምህርቴ ስመለስ ቀሪውን ሥራ ለታናሽ እኅቴ አደራ ሰጠኋት።

በታኅሣሥ በስልክ ነገረችኝ። ያልተሸፈኑት በጥቁርና ሙሉ ፍሬ ተሞልተዋል፤ ከተሸፈኑት የተገኘው አብዛኛው በጣት ሲጫኑት የሚደቅ ባዶ ነው። ሻሹ ብርሃን ከልክሏቸው ይሆን ብዬ መጠራጠሬ አልቀረም፤ 20 እምቡጥም ጥቂት ነው። አባቴ ግን ፍሬዎቹን በመዳፋቸው ይዘው ብዙ ዝም ካሉ በኋላ ጋቢያቸውን ደርበው ወደ ጎረቤታችን ሄዱ። መርጨት ግድ ከሆነ ንቦች ቀፎ ከገቡ በኋላ አመሻሽ ላይ እንዲሆን፣ የቀፎውንም አፍ እንድንዘጋ አስቀድሞ እንዲነግረን ለመኑት። እርሱም «በፋኖስ ልረጭ ነው?» ብሎ ሳቀ አሉ። ቢሆንም እሺ ብሏል። መስከረም ሲመጣ እናያለን።