ከሉን ያላወለቀችው እናትና የፋሲካው ፎቶ

«ይድረስ ለእትዬ። የምጽፍልዎ ከሸዋ ሮቢት ነው። አባታችን ካረፈ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። ለፋሲካ ወንድሜ ከአዲስ አበባ፣ እህቴ ከቤሩት ስለሚመጡ ሁላችንም አንድ ላይ ፎቶ ልንነሳ አሰብን። ወንድሜ ‹ጥቁርና ነጭ ይሁን፤ ለጥቁር ፊት እሱ ነው የሚያምረው፤ የአባባ ፎቶም እስከ ዛሬ የቆየው ለዚያ ነው› ይላል። እህቴ ልጆቿ ሮቢትን እንዲያዩ በቀለም ካልሆነ አልነሳም አለች። እማዬ ደግሞ ሙት ዓመቱ ካለፈ በኋላም ከሉን አላወለቀችም፤ ‹ባሌን ቀብሬ በቀለም አልነሳም› ብላናለች። ታላቅ እኔ ስለሆንኩ ሁሉም የሚጠብቀው እኔን ነው። ምን ይሻለኛል?»

እህቴ፣ በቀለም ተነሱ። እናትሽም ከሉን እንደለበሱ ይነሱ፤ ለፎቶ ብሎ አውልቁት የሚላቸው አይኑር።

ወንድምሽ ያለው ከመሬት የተነሳ አይደለም። የአባታችሁ ፎቶ የቆየው ምስሉ ወረቀቱ ላይ የተቀመጠ የብር ብናኝ ስለሆነ ነው። የድሮ የቀለም ፎቶ ግን በማቅለሚያ የተሠራ ነው፤ ሙቀት ደግሞ ማቅለሚያን ይበላል። እንደ ሮቢት ባለ ቆላ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የተሰቀለ የቀለም ፎቶ ከጊዜ በኋላ ሲቀላ አይተሽ ይሆናል፤ በብዙዎቹ የዚያ ዘመን ወረቀቶች ላይ ቀድሞ የሚለቀው ሰማያዊው ነው፣ ቀዩ ይቀራል። ዛሬ ግን ፎቶ ቤት ገብታችሁ «ጥቁርና ነጭ አድርጉልን» ብትሉ የሚታተምላችሁ አብዛኛውን ጊዜ በዚያው በቀለም ወረቀት፣ በዚያው ማቅለሚያ ነው። ብር የለበትም። ስለዚህ ይበልጥ ይቆያል ብላችሁ አትምረጡት።

የፊቱም ነገር መነሻ አለው። የኮዳክ ፎቶ ቤቶች ቀለም ያስተካክሉ የነበረው «ሸርሊ ካርድ» በሚባል የአንዲት ነጭ ሴት ፎቶ ነበር፤ የእኛን ዓይነት ፊት ፊልሙ ያጨልመው ነበር። ፊልም ሠሪው ዣን ሉክ ጎዳር እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1970ዎቹ መጨረሻ ሞዛምቢክ ውስጥ በዚህ ምክንያት በኮዳክ ፊልም አልሠራም እንዳለ ይነገራል። የጥቁርና ነጭ ግርማም ቢሆን ዓይናችን የለመደው ነው፤ ቤድሮስ ቦያጂያንና ልጆቻቸው ያነሷቸውን የቤተ መንግሥት ፎቶዎች እያየን ስላደግን ክብር ሁሉ ጥቁርና ነጭ ይመስለናል። የዛሬ ካሜራ ግን የእናትሽን ፊት እንዳለ መያዝ ይችላል። ስልኩ ፊት የሚያነጣ «ቢውቲ» የሚባል ነገር ካለው ብቻ አጥፉት።

አሁን ወደ እናትሽ ልምጣ፤ ደብዳቤሽ ውስጥ ልቤን የያዘኝ የእሳቸው ቃል ነው። በቀለም መነሳት ሐዘን መርሳት መስሏቸው ይሆናል። ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው። በጥቁርና ነጭ ቀይ ጥለትና አረንጓዴ ጥለት አንድ ዓይነት ግራጫ ሊሆኑ ይችላሉ፤ የእናትሽ ከልም ከወንድምሽ ሰማያዊ ኮት ላይለይ ይችላል። የልጅ ልጆቻችሁ ያን ፎቶ ሲያዩ ቅድመ አያታቸው ሐዘን ላይ እንደነበሩ በምን ያውቃሉ? ሁላችሁም ነጭ ለብሳችሁ፣ ጥለታችሁ ደምቆ፣ እሳቸው መሀል ከል ለብሰው ሲቀመጡ ግን ለባላቸው ያላቸው ክብር ማንም ሳይናገር ይታያል። ይህንን ወንድምና እህትሽ በሌሉበት፣ ቡና አፍልተሽ ለብቻቸው ንገሪያቸው። የአባትሽንም ፎቶ ጭናቸው ላይ ይያዙት።

ሰምተው አሁንም እንቢ ካሉ የእሳቸው ቃል ይጽና፤ ጥቁርና ነጭ ይሁን። በቀለም የተነሳ ፎቶ በኋላ ጥቁርና ነጭ ይሆናል፣ ለጥቁርና ነጩ ግን እውነተኛ ቀለሙን የሚመልስለት የለም። ይህን በግልጽ ነግራችኋቸው ከፈቀዱ በቀለም ተነስታችሁ ለእሳቸው ጥቁርና ነጩን አሳትሙ። ተደብቃችሁ ግን እንዳታደርጉት። ሐዘንተኛ እናት በልጆቿ ስትታለል አልወድም።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። ሟችን በማሽን ከቤተሰቡ ፎቶ መሀል አስገብተው ቀለም የሚቀቡ አሉ፤ የአባትሽን ፎቶ ለዚህ አትስጪ። ማሽኑ የኮታቸውን ቀለም አያውቅም፣ ይገምታል። የሚያውቁት እናትሽ ናቸው። ጠይቂያቸውና ያሉሽን ከፎቶው ጀርባ በለስላሳ እርሳስ፣ ሳትጫኚ ጻፊው። ቢክ ቀለሙ ወደ ፊት ሊወጣ ይችላል።

በዕለቱ ዳስ ከጣላችሁ ከሥሩ ውጡ፤ ሰማያዊ ሸራ ሥር የተነሳ ሰው ፊቱ ሰማያዊ ይሆናል። ማንጎ ሥርም ቅጠሉ ፊት ላይ አረንጓዴ ይጥላል። እኩለ ቀን ላይ የሮቢት ፀሐይ ዓይን ሥር ጥላ ትጥላለች፤ ስለዚህ ጠዋት ከሦስት ሰዓት በፊት ተነሱ፣ ወይም ከአሥር ሰዓት በኋላ። ማታውን ከመረጣችሁ አትዘግዩ፣ ፀሐይዋ ከምዕራቡ ተራራ ጀርባ ቶሎ ትገባባችኋለች። እህትሽ ለልጆቿ ሮቢትን ማሳየት ከፈለገች ዋናው ፎቶ እንዳለቀ በሮቢ ወንዝ ዳር ባለው የሽንኩርት ማሳ ሌላ ትነሳ። እናትሽን ግን እዚያ ድረስ በሙቀት አታንከራትቷቸው። ፎቶውን በአንድ ስልክ ብቻ አታስቀምጡት፤ ለወንድምሽም ለእህትሽም ሳይቀነስ፣ ዋናው ፋይል እንዳለ ይላክላቸው።