የመጨረሻዋ ቀን ሒሳብ
(ከአማን ጉዞ የተገኘ ትምህርት)



በቀጭን ኪስ አገር ለማየት የሚነሣ ተማሪ ስለ ጉዞው መጀመሪያ ብዙ ያስባል፤ ስለ መጨረሻዋ ቀን የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። እኛም ከጥቂቶቹ ወገን አልነበርንም። ከዚህ በታች የምናቀርበው አጭር ጥናት ይህንኑ የሚመለከት ሲሆን፣ በምሳሌነት የምንወስደው በዮርዳኖስ ዋና ከተማ በአማን ያሳለፍነውን የመጨረሻ ቀን ነው።

ሦስት የሕክምና ተማሪዎች ነን። ለትምህርት ከሚሰጠን ገንዘብ ቆጥበን 38 ቀን ተጓዝን። ከካይሮ ተነሥተን ሲናን በአውቶቡስ አቋረጥን፤ ከኑወይባ ወደ አቃባ በመርከብ ተሻገርን፤ ከዚያም ወደ ሰሜን እያልን ፔትራን፣ ከረክንና ማደባን አየን። በከረክ አቅራቢያ በምትገኘው መዛር የጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ መቃብር አለ። ይህ ሰው ከመካ ተሰደው ወደ አገራችን ስለ መጡት ሰዎች ሆኖ በንጉሡ ፊት የተናገረው ነው፤ በኋላም እ.ኤ.አ. በ629 በሙእታ ጦርነት ሞተ። በመቃብሩ አጠገብ ቁጭ ብለን ስለ ስደት ብዙ ተከራከርን። ክርክሩ ሁሉ ከመጽሐፍ የተገኘ ነበር።

አማን የገባነው በ37ኛው ቀን ማታ ነው። በማግስቱ ሌሊት አውሮፕላን እንሳፈራለን። ገንዘባችንን ብንቆጥር 21 ዲናር ቀርቶናል። የንግሥት አልያ አውሮፕላን ማረፊያ ከከተማው በስተ ደቡብ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ ለመጓጓዣ 12 ዲናር ለየን። በቀረው 9 ዲናር ፉልና ፈላፍል እየበላን ከተማውን በእግር እናያለን ተባባልን። ስሕተታችን ውሃን ከሒሳቡ ማውጣታችን ነው።

አማን በኮረብቶች ላይ የተሠራች ናት። አሮጌው መሐል ከተማ ሸለቆ ውስጥ ነው። እዚያ በሁለተኛው መቶ ዓመት በቄሣር አንቶኒኑስ ፒዩስ ዘመን የታነጸ፣ ስድስት ሺህ ያህል ሰው የሚይዝ የሮማውያን ቲያትር አለ፤ ከወዲያ ማዶ ጀበል አልቀልዓ የሚባለው የምሽጉ ኮረብታ ይታያል። ወደ ኮረብታው የሚያወጣውን ደረጃ በሐምሌ ቀትር ተያያዝነው። ከመካከላችን አንዱ ከሁለት ቀን ጀምሮ ተቅማጥ ይዞት «ቀላል ነው» እያለ ደብቆን ነበር። ደረጃውን እንዳጋመስን ዓይኑ ጨለመበትና ተቀመጠ። አፉ ደርቋል፤ የልቡ ምት ፈጥኗል፤ ቆዳው ተቆንጥጦ ሲለቀቅ የሚመለሰው ቀስ ብሎ ነው። ለፈተና ያጠናነው ሁሉ ፊታችን ነበር፤ በእጃችን ግን አንድ ብርጭቆ ውሃ አልነበረም።

በአጠገቡ ካለ ቤት በረንዳ የምታጥብ ሴት በአማርኛ ስንጨቃጨቅ ሰማችን። «ወንድሜን ምን ነካው?» ብላ ወረደች። ወዲያው ተመልሳ በጠርሙስ ውሃ፣ ስኳርና ጨው ይዛ መጣች። በጥብጣ ስታበቃ፣ «በማንኪያ በማንኪያ ስጡት፤ ካስጎነጫችሁት ያስመልሰዋል» አለችን። ይህን የተማረችው በልጅነቷ ወሎ ከሚገኝ ጤና ጣቢያ እንደ ሆነ ነገረችን።

እዚህ ላይ ነገሩን ማብራራት ያስፈልጋል። በተቅማጥ የታመመ አንጀት ጨውን ብቻውን አጥጋቢ አድርጎ አይቀበልም። ስኳር ሲጨመርበት ግን ጨውና ስኳር ተያይዘው ይገባሉ፤ ውሃውም ይከተላቸዋል። መጠኑ ለአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ነው፤ ሁሉም ልክ እንጂ ቁልል መሆን የለበትም፤ ጨው ሲበዛ ይጎዳልና። እ.ኤ.አ. በ1971 በባንግላዴሽ ጦርነት ጊዜ ሐኪሙ ዲሊፕ ማሃላናቢስ በስደተኞች ሰፈር ኮሌራ ለያዛቸው ሰዎች በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት ሲያልቅበት ይህን የመሰለ ውህድ በአፍ እንዲሰጥ አደረገ፤ ከመቶው 30 ያህል ይደርስ የነበረው ሞትም ከአራት በታች ወረደ። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ያለበት፣ መጠጣት ያቃተው ወይም የሚያንቀላፋ ሰው ግን በቤት አይያዝም፤ ሐኪም ቤት ይወሰድ።

ከሁለት ሰዓት በኋላ ጓደኛችን ቀና ብሎ መቀመጥ ቻለ። ሴትዮዋም «ዛሬ አገር ልትገቡ ነው?» ብላ ጠየቀችን። ወደ ትምህርታችን መሆኑን ነግረን፣ «አንቺስ እኅታችን፣ መቼ ትገቢያለሽ?» አልናት። ሳቀች።

ለሁለት ዓመት ተዋውላ ከሰው ቤት ገባች። አሠሪዋ ፓስፖርቷን ያዘ፤ የመኖሪያ ፈቃዷን አላሳደሰም፤ የሰባት ወር ደመወዟን ሳይከፍል ቀረ። ጥላ ወጣች። ከወጣች ሦስት ዓመቷ ነው። ያለ ፈቃድ ለሚቆይ የውጭ ሰው ቅጣቱ ለብዙ ዓመታት በቀን አንድ ዲናር ተኩል ሲታሰብ ቆይቷል። በዚህ ብናባዛው የሦስት ዓመቱ 1,642 ዲናር ተኩል መጣ። እኛ 9 ዲናር ለማብቃቃት ቀኑን ሙሉ ስንጨነቅ ውለናል።

እንግዲህ የነገሩ ሥር ከፋላ የሚባለው ሥርዓት ነው። የሠራተኛዋ ፈቃድ ከአንድ አሠሪ ስም ጋር የታሰረ በመሆኑ፣ ጥፋቱ የአሠሪው ሆኖ ሳለ ዕዳው በእርሷ ላይ ይቆጠራል። ሕግ የለም ማለታችን አይደለም። ዮርዳኖስ እ.ኤ.አ. በ2008 የቤት ሠራተኞችን በሠራተኛ ሕጓ አካትታለች፤ በ2009 ዝርዝር ደንብ አውጥታለች፤ የሰው ፓስፖርት መያዝም የተከለከለ ነው። ዳሩ ግን ፈቃድ የሌላት ሴት ልክሰስ ብላ ፖሊስ ጣቢያ ብትሄድ መጀመሪያ የምትጠየቀው ራሷ ናት። የእኛም መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2013 ለሥራ ወደ መካከለኛው ምሥራቅ መሄድን አግዶ እስከ 2018 አቆየው፤ እገዳው ግን ጉዞውን አላስቀረም፤ ብዙዎች በስውር ሄዱ።

አንድ ቀዳዳ አለ። የዮርዳኖስ መንግሥት በየጊዜው ቅጣቱን የሚሰርዝ የምሕረት ጊዜ ያውጃል። እርሷ ያለፈውን የሰማችው ቀኑ ካለቀ በኋላ ነው፤ ማስታወቂያው በዓረብኛ ነበር፤ እርሷ ደግሞ ዓረብኛ ትናገራለች እንጂ አታነብም። በማኅበራችን ውስጥ ዓረብኛ የሚያነቡ አባላት እንዳሉ እናውቃለን። ማስታወቂያ ሲወጣ በአማርኛና በኦሮምኛ መልሶ ወደ አማን የሚልክ ሁለት ሰው እንዲመደብ ለሚቀጥለው ስብሰባ ሐሳብ አቅርበናል። ስልኳን ይዘናል።

9 ዲናሩን ብንሰጣት አልቀበልም አለች። «ለልጁ ውሃ ግዙለት፤ መንገድ አለባችሁ» ብላ ጠርሙሱን ሞልታ ሰጠችን። ማታ ከጠበርቡር ጣቢያ ስንነሣ ጓደኛችን ጠርሙሱን በጉያው ይዞ በየአምስት ደቂቃው አንድ ጉንጭ ይጠጣ ነበር።