«የማን ልጅ ነህ?»
ከሰፈራቸው ውጭ በር ስለሚያንኳኩ ልጆች የቀረበ ትምህርት



ከብዙ ዓመታት በፊት በቁምስናችን ትምህርተ ክርስቶስ የተማረች፣ ዛሬ ግን በአሜሪካ በቨርጂኒያ ግዛት ከሁለት ልጆቿ ጋር የምትኖር አንዲት እናት ደብዳቤ ጻፈችልኝ። ቤቷ በአንድ ትልቅ የኪራይ ሕንፃ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ነው። በየዓመቱ ኦክቶበር 31 ቀን፣ በእኛ አቆጣጠር በአብዛኛው ጥቅምት 21 ቀን ማታ፣ የአሜሪካ ሕፃናት ልዩ ልዩ ልብስ ለብሰው ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ከረሜላ ይሰበስባሉ። በእርሷ ሕንፃ ግን በሩ ሁሉ ዝግ ነው፤ ጎረቤቶቿም እንደ እርሷ የሌሊት ሠራተኞች ናቸው። ስለዚህ አንዲት የሥራ ባልደረባዋ ልጆቹን በመኪና ይዛ ሰፋፊ ግቢና መብራት የበራበት በረንዳ ወዳለበት ሰፈር ወሰደቻቸው። በአንዱ ቤት በር የከፈቱት ሰው የዘጠኝ ዓመት ልጇን «ቤታችሁ በየትኛው መንገድ ነው?» ብለው ጠየቁት። ልጁም ደንግጦ፣ ሲመጣ በምልክት ሰሌዳ ላይ ያነበበውን የአንድ መንገድ ስም ጠራ። ከረሜላውን ተቀበለ፤ ቤቱ ሲደርስ ግን ከረጢቱን ሳይከፍት «እማዬ፣ ሰረቅን እንዴ?» አላት። እርሷም «አባ፣ ምን ልበለው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ጥያቄው የሕፃን ጥያቄ ነው፤ ነገር ግን ቀላል አይደለም። የሰው ንብረትን፣ እውነት መናገርን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ባልንጀራዬ ማን ነው የሚለውን ታላቅ ጥያቄ በአንድ ከረጢት ይዞ መጥቷል። ብዙዎቻችሁ በባሕር ማዶ ልጆችና የልጅ ልጆች ስላሏችሁ፣ ለእርሷ የሰጠሁትን መልስ አስፍቼ ለሁላችሁም ላቀርበው ወደድሁ።

ሀ. ልማዱ ከየት መጣ?

«ሃሎዊን» የሚለው ስም በቀድሞው እንግሊዝኛ «የቅዱሳን ሁሉ ዋዜማ» ማለት ከሆነ አጠራር አጥሮ የመጣ ነው። ር.ሊ.ጳ. ጎርጎርዮስ 3ኛ (731–741 እ.ኤ.አ.) በሮም በቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ ለቅዱሳን ሁሉ ክብር አንድ ጸሎት ቤት አሠሩ። በር.ሊ.ጳ. ጎርጎርዮስ 4ኛ ዘመን (827–844 እ.ኤ.አ.) ኖቬምበር 1 ቀን የሚውለው የቅዱሳን ሁሉ በዓል በምዕራብ አውሮፓ በሰፊው ተተከለ። ወደ 1000 እ.ኤ.አ. ገደማም የክሉኒ ገዳም አበምኔት ቅዱስ ኦዲሎ፣ በማግሥቱ ኖቬምበር 2 ቀን ስለ ሙታን ሁሉ እንዲጸለይ በገዳማቱ ደነገገ።

ከእነዚህ ሁለት በዓላት ጋር በእንግሊዝ አገር አንድ ልማድ ተያያዘ። ድኾች ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ «የነፍስ ዳቦ» የሚባል ትንሽ ጣፋጭ ዳቦ ይቀበሉ ነበር፤ በምላሹም ስለዚያ ቤት ሙታን ይጸልዩ ነበር። በአየርላንድና በስኮትላንድም፣ ከክርስትና በፊት ከነበረው የክረምት መግቢያ በዓል የተረፉ ልማዶች ተቀላቅለውበት፣ ወጣቶች መልካቸውን ለውጠው በየቤቱ ይዞሩ ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት፣ በተለይም በ1845 እ.ኤ.አ. ከጀመረው ታላቅ ረሃብ የተነሣ፣ የተሰደዱ አየርላንዳውያን ልማዳቸውን ወደ አሜሪካ ይዘው ተሻገሩ።

በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የአሜሪካ ወጣቶች በዚያ ሌሊት አጥር ማፍረስና መስኮት መስበር ስላበዙ፣ ሰዎች ልጆችን በጣፋጭ ማባበል ጀመሩ። «ትሪክ ኦር ትሪት» የሚለው ጥሪ በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ ተሰማ፤ ሐሳቡም «ወይ ስጡን፣ አለዚያ እንተናኮላችኋለን» ማለት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ስኳር በራሽን ስለ ነበር ልማዱ ተቀዛቀዘ፤ ራሽኑ በ1947 እ.ኤ.አ. ከተነሣ በኋላ ግን በመላ አገሪቱ ተስፋፋ። ከ1950 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ፣ በፊላደልፊያ አንድ ቄስና ቤተሰባቸው በጀመሩት ምሳሌ፣ ብዙ ልጆች በዚያው ምሽት ለዩኒሴፍ ሳንቲም መሰብሰብ ለመዱ።

የዛሬው ልማድ በቀጥታ ከ«ነፍስ ዳቦ» የወረደ መሆኑን የታሪክ ሊቃውንት ይከራከሩበታል። ለትምህርታችን ግን አንድ ነገር እንያዝ፦ በጥንቱ ልማድ በር የሚያንኳኳው ድኻው ነበር። ባለቤቱ የሚከፍተው ለመሰሉ ብቻ አልነበረም፤ ድኻውም ባዶ እጁን አልመጣም፤ ጸሎት ይዞ ነበር።

ለ. እኛም እናውቀዋለን

ቡሄ ሲመጣ ወንዶች ልጆች ዱላቸውን እየመቱ፣ በእንቁጣጣሽም ሴቶች ልጆች አበባ ይዘው በየደጁ ሲዘምሩ ያላየ ከእኛ መካከል የለም። እኔም ልጅ ሳለሁ ከጓደኞቼ ጋር ሰፈራችንን ከጨረስን በኋላ፣ ወደ ላይኛው ሰፈር ወደ ትልልቆቹ ግቢዎች ወጣን። በመጀመሪያው በር ላይ ዘበኛው «የማን ልጆች ናችሁ? ወደ ሰፈራችሁ ሂዱ!» ብሎ አባረረን። በሁለተኛው በር አንዲት አሮጊት ወጡና እርሳቸውም «የማን ልጆች ናችሁ?» አሉን። እየፈራን የአባቶቻችንን ስም ነገርናቸው። እርሳቸው ግን «እናታችሁ እንዳታስብ ሳይመሽ ግቡ» ብለው ለእያንዳንዳችን ሙልሙል ሰጡን።

ሁለቱ የጠየቁን አንድ ጥያቄ ነበር። አንደኛው በር ለመዝጋት ጠየቀ፤ ሁለተኛዋ ልጅነታችንን አውቀው ለመቀበል ጠየቁ። ልዩነቱ ከቃሉ ሳይሆን ከልቡ ነው።

ሐ. የሁለቱ ወገን አቤቱታ

በደኅና ሰፈር የሚኖሩ ሰዎች ቅሬታ ሁሉ ክፋት ነው ማለት አይገባም። ለጎረቤት ልጆች ብለው የገዙት ከረሜላ በአንድ ሰዓት ውስጥ ያልቃል፤ ጠባቡ መንገድ በመኪና ይሞላል፤ አንዳንዱ ልጅ ሳያመሰግን ዘግኖ ይሄዳል፤ ወረቀቱም በግቢያቸው ተጥሎ ያድራል። ይህን የሚሉ ሰዎች ሊሰሙ ይገባቸዋል።

ነገር ግን የሌላውም ወገን ሊሰማ ይገባዋል። ልጆች ከሰፈራቸው የሚወጡት ስለ ስስት ብቻ አይደለም። አንዱ የሚኖረው የእግረኛ መንገድ በሌለበት በአውራ ጎዳና ዳር ነው፤ ሌላው በሩ ሁሉ በተቆለፈ ሕንፃ ውስጥ ነው፤ ሌላው በሌሊት መውጣት በሚያስፈራበት ቦታ ነው። አንዳንዱም ዘመዱን ብሎ የመጣ ነው።

«ለሰፈራችን ልጆች ብቻ» የሚለውን ደንብ በጥሞና ብንመረምረው ብድር መመላለስ ሆኖ እናገኘዋለን፦ እኔ ለልጅህ እሰጣለሁ፣ አንተም ለልጄ ትሰጣለህ። ይህ መልካም ጉርብትና ነው፤ ኃጢአትም የለበትም። ጌታችን ግን በሉቃስ ወንጌል 14፥12–14 ግብዣ ስናደርግ ብድራችንን ሊመልሱ የማይችሉትን እንድንጠራ አስተምሮናል። ከሩቅ የመጣው ልጅ በር ላይ ሲቆም፣ ብድሩ ያበቃል፤ ስጦታው ይጀምራል።

መ. በቦዔዝ እርሻ

በዘዳግም 24፥19–21 እግዚአብሔር ለእስራኤል ባዘዘው ሕግ መሠረት፣ አጫጁ የረሳውን ነዶ ተመልሶ አይወስድም፤ ለመጻተኛው፣ ለሙት ልጅና ለመበለት ይተዋል። ይህ ሕግ በሥራ ሲውል የምናየው በመጽሐፈ ሩት ምዕራፍ 2 ነው።

ሩት ሞዓባዊት ነበረች፤ ቤተ ልሔም ሰፈሯ አልነበረም። ከአማቷ ከኑኃሚን ጋር በባዶ እጅ መጥታ፣ የገብስ መከር ሲታጨድ ወደማታውቀው ሰው እርሻ ገባች። ቦዔዝም ባያት ጊዜ በአጫጆቹ ላይ የተሾመውን ሰው ይህች ልጅ የማን እንደ ሆነች ጠየቀው። ጥያቄው ያው ነው! መልሱም ባዕድ መሆኗን አልሸሸገም። ቦዔዝ ግን ይህን ሰምቶ አላባረራትም። ከውኃው እንድትጠጣ ፈቀደላት፤ በማዕዱ አስቀመጣት፤ ሠራተኞቹም እንዳያሳፍሯት፣ ይልቁንም ከነዶው መዘው ሆን ብለው እንዲጥሉላት አዘዘ።

ሩት ደግሞ ምን አደረገች? አስቀድማ ፈቃድ ጠየቀች፤ ማንነቷን አልደበቀችም፤ አመሰገነች፤ የተረፋትንም ለኑኃሚን ይዛላት ገባች። እንግዲህ በዚህ አንድ ምዕራፍ ውስጥ የሚቀበለውም የሚመጣውም ሰው ሥርዓቱን ያገኛል። ያች ባዕድ ሴት የንጉሥ ዳዊት ቅድመ አያት እንደ ሆነች፣ ስሟም በጌታችን የትውልድ ሐረግ እንደ ተጻፈ (ማቴ. 1፥5) አንርሳ።

ሠ. ልጁ ሰርቋልን?

አልሰረቀም። በ1992 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2408 እንደሚያስተምረው፣ ስርቆት ማለት የሰውን ንብረት ያለ ባለቤቱ ተገቢ ፈቃድ መውሰድ ነው። በአሜሪካ ልማድ ግን በዚያ ምሽት የበረንዳ መብራት ማብራት ለመጣው ልጅ «ግባ» ማለት ነው። መብራቱን ያበራ ሰው ጋብዟል፤ የማይፈልግ ያጠፋዋል፤ ከረሜላው ያለቀበትም «አልቋል» ይላል፤ በዚህም አይወቀስም። ስጦታ እንደ ዕዳ አይጠየቅምና።

የመንገዱን ስም በሐሰት መጥራቱ ግን እውነት አልነበረም። የሕፃን ፍርሃት ያመጣው ስለ ሆነ ጥፋቱ ትንሽ ነው፤ ቢሆንም ዝም ብለን አንለፈው። ልጁ የዋሸው ድኽነትና ርቀት የሚያሳፍር ነገር ስለ መሰለው ነውና፣ መታከም ያለበት ይህ ኀፍረት ነው። «ቤታችን ሩቅ ነው፤ እዚህ የመጣነው በር ስለምትከፍቱ ነው» ማለት ይችል ነበር። ይህ እውነት ነው፤ የሚያሳፍርም የለበትም።

ረ. ለወላጆችና ለመምህራን

1. አስቀድማችሁ የራሳችሁን ጎረቤት አንኳኩ። ከሩቅ ሰፈር ከረሜላ አምጥቶ፣ በአጠገብ ያለውን ጎረቤት ስም አለማወቅ ጉድለት ነው። ከቀኑ በፊት በፎቃችሁ ያሉትን ጎብኙ፤ በራችሁም ላይ ጥቂት ከረሜላ በሳህን አስቀምጡ። ልጅ ተቀባይ ብቻ ሆኖ አይደግ።

2. ከልጆቻችሁ ጋር በእግር ሂዱ። በአሜሪካ ከ1975 እስከ 2016 እ.ኤ.አ. የተመዘገቡ የመኪና አደጋዎችን የመረመረ ጥናት፣ በዚያ ምሽት እግረኞች የመሞት ዕድላቸው ከሌሎች ተመሳሳይ ምሽቶች በ43 በመቶ እንደሚበልጥ አሳይቷል። በማይታወቅ ሰፈር ጥንቃቄው እጥፍ ይሁን፤ የእጅ ባትሪና ከሩቅ የሚታይ ልብስ አይጉደል።

3. ባዕድን ሁሉ አታስፈሩአቸው። እንግዳ ሰው ከረሜላ ይመርዛል የሚለው ወሬ በየዓመቱ ይነሣል። ነገር ግን በ1974 እ.ኤ.አ. በቴክሳስ በመርዝ የሞተው ልጅ ገዳይ የገዛ አባቱ እንጂ ባዕድ አልነበረም። የተቀበሉትን ማየት ተገቢ ነው፤ ሰውን ሁሉ መጠርጠር ግን አይደለም።

4. ሥርዓት አስተምሩአቸው፦ መብራት ወደ በራበት ቤት ብቻ መሄድ፣ የተሰጠውን ብቻ መቀበል፣ ማመስገን፣ ወረቀት አለመጣል፣ ሳይመሽ መመለስ።

5. አጋንንትን የሚያስውብ ልብስ ለተጠመቀ ልጅ አይገባም፤ ዋዜማው የቅዱሳን ነውና የአንድ ቅዱስን ልብስ ቢለብስ ይበልጣል። በማግሥቱም ወደ ቅዳሴ ይሂድ።

በመጨረሻ ለዚያች እናት የጻፍኩላት ይህ ነው፦ «እኅቴ ሆይ፣ ለልጅሽ አልሰረቅህም በዪው። እንዲሁ የተቀበለውን ግን እንዲሁ እንዲያካፍል ንገሪው፤ ከከረጢቱ ለሕንፃችሁ ሽማግሌ ዘበኛና በር ተዘግቶባቸው ለቀሩት ልጆች ይስጥ። ኖቬምበር 2 ቀን ማታ ደግሞ አብራችሁ ተንበርክካችሁ በር ስለከፈቱላችሁ ቤተሰቦችና ስለ ሙታኖቻቸው አንድ አባታችን ሆይ ድገሙ። የጥንቶቹ ድኾች ዋጋቸውን የከፈሉት በዚህ ነበርና፣ ልጅሽም ዕዳ የለበትም። በሚቀጥለው ዓመት የማን ልጅ እንደ ሆነ ሲጠየቅ ሳይፈራ የአንቺን ስም ይጥራ።»

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. ቦዔዝ «የማን ናት?» ብሎ የጠየቀው ለምን ነበር? እኛስ እንግዳን ስንጠይቅ ሐሳባችን ምንድር ነው?
2. በቡሄና በእንቁጣጣሽ ከሌላ ሰፈር የመጡ ልጆችን በቁምስናችን እንዴት እንቀበላቸዋለን?
3. ብድር በመመላለስና በስጦታ መካከል ያለው ልዩነት ምንድር ነው? (ሉቃ. 14፥12–14)
4. ስማቸውን የማናውቃቸው ጎረቤቶች አሉን? በዚህ ሳምንት የማንን በር እናንኳኳለን?