የክርስቲያን ቤት፤ ማዕዱና ትምህርቱ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የሰው ልጅ ወደ ፊደል ገበታ ከመቅረቡ አስቀድሞ ወደ እናቱ ማዕድ ይቀርባል፤ የመምህሩን ድምፅ ከመስማቱም አስቀድሞ አባቱ እጁን ዘርግቶ ሲያመሰግን ያያል። ስለዚህ ቤት የመጀመሪያው ትምህርት ቤት ነው መባሉ ለንግግር ማሳመሪያ አይደለም፤ ሥራው ራሱ የሚመሰክረው እውነት ነው። ሙሴ ለሕዝበ እስራኤል ሕጉን በሰጠ ጊዜ፥ በቤት ሲቀመጡም ሆነ በመንገድ ሲሄዱ፥ ሲተኙም ሆነ ሲነሡ ለልጆቻቸው እንዲያስተምሩት ማዘዙ በኦሪት ዘዳግም በ6ኛው ምዕራፍ ተጽፏል። ቅዱስ ጳውሎስም የጢሞቴዎስን እምነት ባመሰገነ ጊዜ፥ ያ እምነት አስቀድሞ በአያቱ በሎይድና በእናቱ በኤውንቄ እንደ ነበረ አስታውሷል። በኋላ የቤተ ክርስቲያን እረኛ የሆነው ያ ደቀ መዝሙር ቅዱሳት መጻሕፍትን ያወቀው ከሕፃንነቱ ጀምሮ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ መምህራኑም ሁለት ሴቶች ነበሩ።

ይህን እንድንጽፍ ያነሣሣን በአዲስ አበባ ዙሪያ በሰበታ፥ በቡራዩና በሱሉልታ የሚኖሩ ምእመናን ኑሮ ነው። ሰበታ በጅማ መንገድ፥ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፥ ሱሉልታም ከእንጦጦ ባሻገር በጎጃም መንገድ ይገኛሉ፤ በ2015 ዓ.ም. ሦስቱም ከሌሎች የዙሪያ ከተሞች ጋር በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። ቀድሞ እርሻና ግጦሽ ከነበረው መሬት ብዙው ዛሬ የመኖሪያ ቤትና ፋብሪካ ሆኗል። እንጀራውን በመሐል ከተማ የሚፈልግ አባት ገና ሳይነጋ ለታክሲ ሰልፍ ይወጣል፤ ብዙ ጊዜም እናት ትከተለዋለች፤ ማታ ሲመለሱ ልጆቻቸው አንቀላፍተው ያገኟቸዋል። እንዲህ በሆነ ጊዜ ቤቱ ማደሪያ ብቻ ይሆንና ማሳደጊያነቱ ይቀራል። የእህሉና የዘይቱ ዋጋ ሲጨመርበት ደግሞ የእናት ሐሳብ ሁሉ በነገው ምሳ ይያዛል። እንግዲህ ጊዜም ገንዘብም ያጠረው ክርስቲያን ቤቱን እንዴት አድርጎ ታናሽ ቤተ ክርስቲያን ሊያደርገው ይችላል? የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይህ ነው።

የቤት ትምህርት ምን ያህል እንደሚያስፈልግ አንድ ዘመን በግልጽ አሳይቶናል። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ በአገራችን መገኘቱ በተነገረ በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ። ሚያዝያ 11 ቀን የዋለውንም የትንሣኤ በዓል እጅግ ብዙው ምእመን በየቤቱ ሆኖ አከበረ። ትምህርቱ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ይሰጥ ነበር፤ ነገር ግን መሣሪያው መምህር ሊሆን አይችልምና፥ ልጁን አጠገቡ አስቀምጦ «ዛሬ ምን ሰማህ?» የሚለው ወላጅ በሌለበት ቤት ድምፁ በአየር ላይ ቀረ። ትምህርት ቤቶች ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ተከፍተዋል፤ ጥያቄው ግን አልተዘጋም። የትምህርት ቤቱ ደጅ ሲዘጋ ልጃችን ምን ይዞ ይቀራል? የቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሲዘጋስ በቤታችን የሚጸልይ ማን ነው?

1ኛ. ስለ ማዕድ

አንዳንድ ሰዎች ቁጠባን ከንፍገት ጋር አንድ ያደርጉታል። ጌታችን ግን በአምስት የገብስ እንጀራና በሁለት ዓሣ ብዙ ሕዝብ ካጠገበ በኋላ ደቀ መዛሙርቱ የተረፈውን ቍርስራሽ አንዳች ሳይጠፋ እንዲሰበስቡ አዘዘ፤ አሥራ ሁለት መሶብም ሞላ። አምስቱን ለብዙ ማድረግ የሚችለው አምላክ ፍርፋሪው ይቸግረው ነበር? አይደለም። በረከት እንዳይናቅ ሊያስተምረን ነው። ስለዚህ ንፉግ የሚሰበስበው ለራሱ ሲሆን ቆጣቢ ግን የሚሰበስበው ለቤተ ሰቡና ለድኻው ነው።

የአገራችን እናቶች ይህን ትእዛዝ በሥራ ያውቁታል። የአደረ እንጀራ በፍርፍር ይበላል፤ ከዚያም የተረፈው በፀሐይ ደርቆ ድርቆሽ ይሆናል። ባቄላና ሽንብራ ማታ ውኃ ውስጥ ቢያድሩ በማግሥቱ በጥቂት ማገዶ ይበስላሉ። ሽሮን ከሱቅ በየቀኑ በትንሽ በትንሹ ከመግዛት ይልቅ አተሩን ወይም ሽንብራውን በመከር ጊዜ ገዝቶ፥ ለቅሞ፥ አምሶ፥ ከክቶ በቅመም ማስፈጨት ዋጋውንም ያቀላል፤ ባዕድ ነገር እንዳይቀላቀልበትም ይጠብቃል። ስልጆ ከባቄላ ዱቄትና ከሱፍ ተዘጋጅቶ ሰናፍጭ የሚገባበት የጾም ምግብ ነው፤ አንድ ጊዜ ከቦካ ብዙ ቀን ይቆያል። እንጀራ ከሽሮና ከክክ ጋር መበላቱም ለድኻ የተተወ ምግብ ተብሎ ሊናቅ አይገባም፤ በእህሉ የጎደለውን ጥራጥሬው፥ በጥራጥሬው የጎደለውን እህሉ ይሞላዋልና ለሰውነት የሚስማማ ማዕድ ነው። ጎመን ከተጨመረበት ደግሞ የበለጠ ነው።

ነገር ግን ቁጠባም ልክ አለው። ጓያ ርካሽ ነው ተብሎ ለወራት ያለማቋረጥ ብቻውን ቢበላ እግርን ሽባ የሚያደርግ በሽታ ያመጣል። ስለዚህ ዋጋው ቀሎ የተገኘ ሁሉ ለልጅ አይሰጥም። ሕፃናትን፥ ነፍሰ ጡሮችንና ሕሙማንንም በጾም ምክንያት ማስራብ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት አይደለም፤ እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም የንስሐ አባትን መጠየቅ ይገባል።

ማገዶም የበረከት ክፍል ነው። ከእንጦጦ ተራራ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍና ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶች ጀርባ ያየ ሰው እሳትን በከንቱ አያነድም። ከምጣዱ የተረፈው ፍም ለክክ፥ ከክኩ የተረፈው ለንፍሮ ይሁን። በኤሌክትሪክ ለምትጋግርም ሴት ምጣዱ አንድ ጊዜ በጋለበት የሦስት ቀን እንጀራ ማውጣት ቁጠባ ነው።

2ኛ. ስለ ጾም ማዕድ

የቤተ ክርስቲያናችን ልጅ ከዓመቱ ቀኖች እኩሌታ የሚጠጋውን ይጾማል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን፥ ጾመ ፍልሰታ 15 ቀን ነው፤ ሌሎቹም አጽዋማትና ረቡዕ ዓርብ አሉ። እንግዲህ ጾም በቤት ገንዘብ ላይ ትልቅ ለውጥ ሊያመጣ በተገባው ነበር። ነገር ግን በአሁኑ ዘመን የጾም ኬክ፥ የጾም ፒዛ፥ የጾም ቅቤ እየተባለ ከፍስኩ ማዕድ የሚበልጥ ወጪ የሚጠይቅ ምግብ ተበራክቷል። ሥጋና ወተት ብቻ ተለውጠው ምኞት ካልተለወጠ የጾሙ ፍሬ ወዴት አለ?

ከጥንት ጀምሮ ወደ ግእዝ ተተርጉሞ በአገራችን የታወቀው መጽሐፈ ሄርማ በዚህ ነገር ግልጽ ምክር አለው። የሚጾም ሰው በዚያ ቀን ሊበላው የነበረውን ምግብ ዋጋ አስልቶ ለመበለት፥ ለሙት ልጅ ወይም ለችግረኛ እንዲሰጥ ያስተምራል። ስለዚህ በጾም የተረፈው ገንዘብ የእኛ አይደለም፤ የድኻው ነው። ይህም ሒሳብ ለልጅ ትምህርት ይሁን። በዓመት በ52 ሳምንት ውስጥ ረቡዕና ዓርብ 104 ቀን ናቸው፤ የማይጾምባቸው የበዓለ ኃምሳ 14 ቀኖች ሲቀነሱ 90 ይቀራሉ። በእያንዳንዱ ቀን 20 ብር ቢተርፍ ስንት ይሆናል? ልጁ 1,800 ብር ብሎ ሲመልስ ማባዛትን ተማረ። «ይህ ለማን ይሰጥ?» ተብሎ ሲጠየቅ ደግሞ ምጽዋትን ተማረ። በሱሉልታ ላም የሚያልብ ቤተ ሰብም በዐቢይ ጾም ወተት ገዢ ሲቀንስበት ቅቤና አይብ አድርጎ ለትንሣኤ ያቆየዋል፤ ከዚያው ለጎረቤት ድኻ አንድ ድርሻ አስቀድሞ ቢለይ በዓሉ የሁለት ቤት ይሆናል።

3ኛ. ስለ ትምህርት

«እኔ አልተማርሁም፤ ልጄን ምን አስተምረዋለሁ?» የምትል እናት አለች። ለዚህች እናት መልስ አለን። በአብነት ትምህርት ቤት ልጅ ፊደል ቆጥሮ፥ አቡጊዳና ፊደለ ሐዋርያ ተምሮ፥ ወደ ዳዊት የሚደርሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ እያነበበ ነው። ብዙው የዜማ ትምህርትም በጆሮ ይቀበሉታል፤ በቃል ይይዙታል። በሰበታ በሚገኘው መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ዐይናቸው የማያይ ልጆች በጣታቸው እየዳሰሱ ማንበብን ተምረዋል። ዐይን ሲጎድል ጣት ያነባል፤ ፊደል ሲጎድልም ጆሮ ያስተምራል። ማንበብ የማትችል እናት በምድጃዋ አጠገብ ተቀምጣ ልጇን «አንብብልኝ» ትበለው፤ ሲጨርስም «አልገባኝምና እንደገና ንገረኝ» ትበለው። ለእናቱ ያስረዳ ልጅ ትምህርቱን ጠንቅቆ ያውቀዋል።

ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ ስለ ልጆች አስተዳደግ በጻፈው ድርሳን የዚህን ሥራ መንገድ አሳይቷል። አባት በማታ የቃየልንና የአቤልን ታሪክ ለልጁ በሚጥም አነጋገር ይተርክለት ይላል፤ በሌላ ማታ ልጁ ራሱ መልሶ እንዲተርከው ይጠይቀው፤ ታሪኩ በቤተ ክርስቲያን በሚነበብበት ቀን እጁን ይዞ ይውሰደው፤ ልጁም አስቀድሞ ያወቀውን ሲሰማ ደስ ይለዋል። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ገንዘብ የሚጠይቅ አንዳች የለም። የሚጠይቀው ከእራት በኋላ ያለችውን ሩብ ሰዓት ነው፤ እርሷም ዛሬ ብዙ ጊዜ ለስልክ ተሰጥታለች።

የማድ ቤት ሥራም ራሱ መጽሐፍ ነው። ሊጡ ሲቦካ እናት ከቀድሞው ቡኮ የተረፈውን እርሾ እያሳየች፥ ጌታ መንግሥተ ሰማያትን ሴት በዱቄት ውስጥ በሸሸገችው እርሾ እንደ መሰላት ትንገር። ዱቄቱ ከዕቃው ሲያልቅ የሰራፕታዋን መበለት ታስታውስ፤ እርስዋ ከጥቂቱ አስቀድማ ለነቢዩ ለኤልያስ ጋግራ ሰጥታ ነበርና። አንድ ኩንታል ጤፍ 100 ኪሎ ነው፤ ቤተ ሰቡ በሳምንት 5 ኪሎ ቢጨርስ ስንት ሳምንት ይቆያል? 20 ሳምንት። ከቡራዩ ልጆች ብዙዎቹ የገፈርሳን የውኃ ግድብ ያውቁታል፤ ከዚያ የሚጠራቀመው ውኃ ወደ አዲስ አበባ እንደሚሄድ የተነገረው ልጅ ቧንቧን ከፍቶ አይተውም። ይህ ሁሉ በአማርኛም ሆነ በአፋን ኦሮሞ፥ እናት በምትናገረው ቋንቋ ይሰጥ፤ ልጅ አምላኩን የሚወደው እናቱ ባስተማረችው ቃል ነውና።

4ኛ. ስለ ጸሎት

ማዕድና ትምህርት ያለ ጸሎት እንደ ጨው የሌለው ወጥ ናቸው። ውዳሴ ማርያም ለሰባቱ ዕለታት መከፈሉ፥ መዝሙረ ዳዊትም ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ተመድቦ እሑድ መኃልየ ነቢያት መጸለዩ አባቶቻችን የሰውን አቅም አይተው የሠሩት ሥርዓት ነው። ሁሉን በአንድ ቀን መፈጸም የማይችል ቤት ማታ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ይበል፤ ያም ከከበደ አባታችን ሆይን በአንድነት ደግሞ ጸሎተ ማዕድ ያድርስ። ጥቂት ሆኖ የማይቋረጥ ጸሎት፥ ብዙ ሆኖ ከሚቋረጠው ይበልጣል።

«ይህ ሁሉ ትምህርት ቤትን ይተካል ወይ?» ለሚል፥ አይተካም። ቤት መሠረቱን ይጥላል፤ መምህር ግድግዳውን ያቆማል፤ ቤተ ክርስቲያን ጣራውን ታለብሳለች። መሠረት የሌለው ግድግዳ እንደማይጸና ሁሉ መሠረት ብቻውንም ቤት አይባልም። ስለዚህ ልጆችን ወደ ሰንበት ትምህርት ቤት መላክ፥ በየኔታ ፊት ማስቀመጥ፥ ዘመናዊውንም ትምህርት ማስተማር የወላጅ ግዴታ ነው።

ለካህናት አባቶቻችንም አንድ ቃል አለን። የንስሐ ልጆቻችሁን ቤት ስትጎበኙ ጠበል ረጭታችሁ ብቻ አትመለሱ። ማዕዱ እንዴት እንደሚሰናዳ፥ ልጆቹ ምን እንደሚያነብቡ፥ ማታ በጋራ ጸሎት መኖሩን ጠይቁ። ለክርስትናና ለተዝካር ተበድሮ የሚደግሰውን ምእመን ገሥጹት፤ በአንድ ቀን ግብዣ የልጁን የዓመት ደብተር የሚበላ ነውና። በሰበታ ጌቴሴማኒ ቤተ ደናግል የሚኖሩት እናቶች በእጃቸው እየሠሩ ወላጅ ያጡ ልጆችን ማሳደጋቸው ለሁላችን ምሳሌ ነው፤ እነርሱ ያልወለዱትን ካሳደጉ የወለደ እንዴት ይታክታል?

ክርስቲያኖች ወገኖቻችን ሆይ! ልጆቻችን ነገ ከዚህ ቤት ይወጣሉ። መሬት ልናወርሳቸው አንችል ይሆናል፤ የኪራይ ቤት ደግሞ አይወረስም። ቍርስራሽን የማይጥል እጅ፥ ያነበበውን የሚያስታውስ ልብ፥ በማታ የሚጸልይ አንደበት ግን ከድኻም ከባለጸጋም ቤት እኩል ሊወርሱት የሚችሉት ሀብት ነው። ይህንም ለማውረስ ዛሬ ማታ ከእራት በኋላ መጀመር ይቻላል።

በጥቂቱ እንጀራ ላይ በረከቱን ያሳደረ አምላክ በየቤታችን ማዕድ ላይ በረከቱን ያሳድርልን፤ ልጆቻችንን በጥበብና በሞገስ ያሳድግልን። ለእርሱ ክብርና ምስጋና ይሁን፤ ለዘለዓለሙ፤ አሜን።