«ሆነ» የሚለው ግሥ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ባለፈው እሑድ በጉባኤያችን አንድ ወንድማችን «አምላክ ሰው ከሆነ አምላክነቱን ተወ ማለት ነው ወይ?» ሲል ጠየቀ። ከመካከላችን ቶሎ የመለሰለት አልነበረም። የተቸገርነው በአንዲት ትንሽ ግሥ ስለ ሆነ ይህችኑ ግሥ ልንመረምራት ወደድን።

«ሆነ» በግእዝ «ኮነ» ነው። አንድ ነገር ያልነበረውን ሲሆን ይነገራል፤ አሳቡ ግን በየቦታው አንድ አይደለም።

አንደኛው የመለወጥ ነው። በቃና ዘገሊላ ውኃው ወይን ጠጅ ሆነ፤ ውኃነቱም ቀረ። የሎጥ ሚስትም የጨው ሐውልት ሆነች፤ ሰውነቷ አልቀጠለም። የፊተኛው ጠፍቶ የኋለኛው ተተካ።

ሁለተኛው የሹመት ነው። ዳዊት እረኛ ሳለ ንጉሥ ሆነ። ስሙና ክብሩ ከፍ አለ እንጂ ባሕርዩ ያው የሰው ባሕርይ ነው።

ወደ ዮሐንስ ወንጌል ስንመጣ፣ ወንጌላዊው በምዕራፍ 1 ቁጥር 1 ስለ ቃል ህልውና ሲናገር በግእዙ የምናገኘው «ውእቱ» የሚለውን ነው፤ ቀዳማዊነቱን ያስረዳል። በቁጥር 14 ግን ስለ ሥጋዌው «ኮነ» ይላል። ይህን እንደ ቃና ውኃ ብንተረጕመው መለኮት ጠፋ ማለታችን ነው። እንደ ዳዊት ሹመት ብንተረጕመውም በእውነት ሰው አልሆነም ማለታችን ነው። ስለዚህ አባቶቻችን ያለ ውላጤ፣ ያለ ሚጠት፣ ያለ ቱስሕት፣ ያለ ቡዐዴ፣ በተዋሕዶ ሰው ሆነ ብለው አስተማሩን፤ ይኸውም ያለ መለወጥ፣ ያለ መመለስ፣ ያለ መቀላቀል፣ ያለ መለያየት ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ431 በኤፌሶን ጉባኤ ንስጥሮስን የተከራከረው ቅዱስ ቄርሎስ ነገሩን ኢሳይያስ ባየው ፍሕም መስሎታል። እሳቱ እሳትነቱን፣ ከሰሉም ከሰልነቱን አልለቀቀም፤ ፍሕሙ ግን አንድ ነው።

እንግዲህ ለወንድማችን የምንሰጠው መልስ፦ የነበረውን ሳይተው ያልነበረውን ሆነ የሚል ነው።

ይህች ግሥ እኛንም ትጠይቀናለች። «ክርስቲያን ሆንን» እንላለን። የሆንነው በስም ብቻ ነው ወይስ አሮጌው ጠባያችን እንደ ቃና ውኃ ቀርቷል? ለፈተና ስንቀመጥ፣ ከጎረቤት ስንጣላ፣ የተራበ ሲለምነን፣ መልሱ ያኔ ይታያል። እርሱ ሳይለወጥ ሰው የሆነው እኛ እንድንለወጥ ነውና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።